የማዶዋ ግመል

ሙሉመቤት ሸዋንግዛው ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት መቀጠሯን ያልሰማ ሰው አሰብ ውስጥ ካለ፣ ወይ ጆሮው አይሰማም ወይ ገና ከመርከብ አልወረደም። አባቷ ለሁሉም ነግሯል። ለወደብ ጫኝና አውራጆች ነግሯል፤ ለጉምሩክ ፈታሾች ነግሯል፤ ነዳጅ ለሚቀዳለት ሰውዬማ ደጋግሞ ስለነገረው ሰውዬው ገና የአባትየውን ፔጆ ከሩቅ ሲያይ "ሙሉ ደህና ናት?" ማለት ጀምሯል። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ ባለሥልጣን ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማ ሲያደርስ "ጓድ፣ ምናልባት መኪና ቢገጭብዎ ልጄን ይጠይቋት" ብሏቸዋል። ሰውዬው ሟርት እንደሰማ ሰው ፊታቸውን አጥቁረው፣ ሻንጣቸውን ራሳቸው ተሸክመው ወረዱ።

ሸዋንግዛው ተሳቢ እየነዳ ከደጋ አሰብ የገባ ሾፌር ነው። ሙቀቱን እየረገመ፣ "ነገ እመለሳለሁ፣ ከነገ ወዲያ እመለሳለሁ" ሲል ጥላነሽን አገባ፤ ሙሉን ወለደ፤ አሮጌ ፔጆ ፒካፕ ገዛ፤ በዚያው ቀረ። ፔጆዋ ዓሣ ትጭናለች፣ የሠርግ ዕቃ ትጭናለች፣ ሰው ትጭናለች። የቤቱ እንጀራ እሷ ናት። ሙሉ ደሞዝ መቁጠር ከጀመረች ወዲህም ቢሆን አባት ከልጁ እጅ ገንዘብ መቀበልን እንደ ልመና ስለሚያየው ነገሩ አልተለወጠም።

ልጅቱ በእርግጥም የምታኮራ ነበረች፤ ይህን የሚክድ ምቀኛ ብቻ ነው። ሥራዋ ግጭት የደረሰበት ቦታ ድረስ ሄዳ፣ አይታና ጠይቃ፣ ካሳ ይገባል ወይም አይገባም ብላ መጻፍ ነው። ሱሪ ለብሳ ከመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ዱብ ስትል፣ ሰውነቱ ግንብ የሚያክለው የተሳቢ ሾፌር ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይመልስላታል። ሸዋንግዛው በመጀመሪያ ቀን ወደቡ በር ላይ ሜትር ዘርግታ አስፋልቱን ስትለካ ሲያያት፣ ፔጆዋን መሐል መንገድ ላይ አቁሞ አለቀሰ። ከኋላው የቆሙት መኪናዎች ጥሩምባ ሲነፉበት "ቆዩ! ልጄ ሥራ ላይ ናት!" አላቸው።

ታዲያ ጣጣው የመጣውም በዚሁ በኩራቱ ነው። አንድ ማታ እራት ላይ ሙሉ የሥራዋን ነገር ስታጫውታቸው እንዲህ አለች፦

"ሰው የማይገባው ነገር ምን መሰለህ አባዬ? ውላችን የሚሠራው እስከ ድንበር ነው። ክፍለ ሀገር ከክፍለ ሀገር ብትዞር፣ ጎንደር ብትወጣ ጋሞ ጎፋ ብትወርድ፣ አብሮህ ይዞራል። ጅቡቲ ከገባህ ግን ቀድመህ ቢሮ መጥተህ ተጨማሪ ውል ካልተዋዋልክ፣ መኪናህ ባዶዋን ናት ማለት ነው። አደጋ ከደረሰ በኋላ ብትመጣ ማንም አይሰማህም።"

ሸዋንግዛው ጉርሻውን እንደያዘ አፏን አፏን ያያል። እጇን ስታንቀሳቅስ፣ ቃሏን ስትመርጥ፣ ዓይኑ ከሷ ላይ አልተነቀለም።

"ጥላነሽ፣ ሰማሽልኝ አነጋገሯን?"

"የምትለውንስ ሰምተሃል?" አለች ጥላነሽ።

"እንዴት አልሰማም! 'ተጨማሪ ውል' አለች እኮ። ልክ እንደ ሚኒስትር!"

እውነቱን ለመናገር ከዚያ ሁሉ ውስጥ የሰማው ድምፅዋን ብቻ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታቸው ረቢዓ መጣች። ረቢዓ ከወሎ መጥታ ሱቅ የከፈተች ነጋዴ ስትሆን፣ ልጇ ሳልሀ ባሏን ተከትላ ጅቡቲ ውስጥ ኦቦክ ትኖራለች። ሳልሀ ወልዳለች፤ እናት ልታርሳት መሄድ አለባት። "ሸዋ ወንድሜ፣ ከአንተ ሌላ ማን ያደርሰኛል?" አለችው። የይለፍ ወረቀት ወጣ፤ ቅቤው፣ ማሩ፣ የሕፃኑ ልብስ ተጫነ። ጥላነሽ በር ላይ ቆማ ታያለች።

"ለሙሉ ነግረሃታል?"

"ምኑን?"

"እኔ እንጃ፤ ስለ ድንበር የሆነ ነገር ስትል ነበር።"

"ሙሉ እያለች እኔን ማን ይነካኛል!" አለና ሞተሩን አስነሳ። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች ማለት ይኸው ነው።

ረቢዓን ኦቦክ በሰላም አደረሳት። የአራስ ቤት ገንፎ በላ፤ ሕፃኑን መረቀ፤ በማግስቱ ጠዋት ብቻውን ወደ አሰብ ተመለሰ። ወደ ድንበሩ ሲቃረብ ነፋሱ ተነሣ። የዚያን አገር ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አሸዋውን አንሥቶ ሰማዩንና መሬቱን አንድ ያደርገዋል። ሸዋንግዛው ፍጥነቱን ቀንሷል፤ መብራትም አብርቷል። ግን ከዚያ አቧራ ውስጥ አንዲት ግመል በድንገት ብቅ ስትል ፍሬኑን ቢረግጥም፣ መሪውን ቢጠመዝዝም አልሆነለትም። ኮፈኑ ታጠፈ፤ ራዲያተሩ ተበሳ፤ የፊት መስታወቱ ጭኑ ላይ ረገፈ። ግንባሩ ተሰንጥቆ ደሙ ዓይኑ ውስጥ ገባ።

ከመኪናው ሲወርድ ግመሏ በጎኗ ወድቃ ታጣጥራለች። ባድማ የመሰለው አገር ውስጥ ሰው ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ባለቤቷ ዓሊዪ ወዲያው ደረሰ። ቀጠን ያለ አፋር ነው፤ በወጣትነቱ አሰብ ወደብ ላይ ጭነት ሲያወርድ ስለኖረ አማርኛው ጥሩ ነው። አልጮኸም፤ አልተሳደበም። ተንበርክኮ በመዳፉ ዓይኗን ሸፈነና "ቢስሚላህ" ብሎ በክት እንዳትሆን አረዳት። ከዚያ ጊሌ የሚባለውን ቆልማማ ጩቤውን በአሸዋ እየጠረገ ቀና አለ።

"ወተቷን ልጆቼ ይጠጡ ነበር።"

"አላየኋትም ወንድሜ። በእግዜር፣ አላየኋትም።"

"አውቃለሁ፤ ነፋስ ነው። ቢሆንም ግመል ግመል ነው። ሽማግሌዎች እስኪቀመጡ መኪናው እዚህ ይቆማል። የኛ ሰዎች የሚያምኑት ዋስ ከጠራህ መኪናህን ይዘህ ሄደህ ቀስ እያልክ ትክሳለህ። ዋስ ከሌለህ መኪናው በግመሏ ፋንታ ይቀራል።"

ሸዋንግዛው ያን ጊዜ እንኳ አልደነገጠም። እንዲያውም ደረቱን ነፋ አደረገ። "ኢንሹራንስ አለኝ። ልጄ እዚያ ናት። ግመልህንም መኪናዬንም ትከፍላለች።"

ይህን ሲል ነው ይመር የደረሰው። ይመር አሰብና ኦቦክ መካከል ዕቃ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ሸዋንግዛው በየሻይ ቤቱ ልጁን ሲያወድስ ሰምቶ የጠገበ ጓደኛው። ከመኪናው ወርዶ ፔጆዋን ዞሮ አያትና ከንፈሩን መጠጠ።

"ተጨማሪ ውል ገብተሃል አይደል?"

"ምን ተጨማሪ?"

"የጅቡቲውን ነዋ! ያለዚያ ከድንበር ወዲህ ኢንሹራንስህ አይሠራም እኮ። እኔ ሁልጊዜ እገባለሁ። ኧረ ሸዋ፣ ልጅህ ናት እኮ የምታዋውለኝ!"

ሸዋንግዛው እራቱ ላይ ያለችው ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ አለው። ድንበር ማለቷም፣ ቀድሞ መምጣት ማለቷም። መሬት ላይ ተቀመጠ። ፔጆዋ ከሄደች ቤቱ ምን ይበላል? ልጁን ነው የሚጠጋው? በዚህ ዕድሜው የሰው መኪና እየነዳ ለአለቃ ሊታዘዝ ነው? አፈረ። ከሁሉም በላይ በልጁ አፍ የተነገረውን ባለመስማቱ አፈረ።

ይመር ግን መላ የማያጣ ሰው ነው። አይቶ አይቶ ወደ ሰሜን ጠቆመ። ትንሽ ራቅ ብሎ ደረቅ ወንዝ አለ፤ ዳርና ዳሩ ላይ ኖራ የተቀቡ ድንጋዮች ተደርድረዋል። ድንበር የሚባለው ያ ነው።

"ፔጆዋን በገመድ እጎትታታለሁ። ግመሏንም እጭናታለሁ። ከድንጋዮቹ ወዲያ እናደርጋቸዋለን። አለቀ። ግጭቱ እዚያ ሆነ።"

ዓሊዪ ሣቀ። "ግመሌ ድንጋይ ቆጥራ ሣር በልታ አታውቅም። ከፋይ ካለ ይክፈል፤ ለኔ ማዶውም ወዲሁም አንድ ነው።"

ግን ግመሏን መጫን አልተቻለም፤ እነሱ ሲማከሩ የዓሊዪ ዘመዶች ደርሰው ሥጋውን ተከፋፍለውታል። ከድንበሩ የተሻገሩት ጭንቅላቷና ቆዳዋ ብቻ ናቸው። ይመር ቆዳውን ፔጆዋ ፊት ለፊት ዘርግቶ ጭንቅላቷን ከላዩ አስቀመጠ፤ የጎማውን ዱካ በግራር ቅርንጫፍ ጠረገ፤ ራቅ ብሎም አየውና "ሞታለች፤ ጥርጥር የለውም" አለ። ከዚያ ለመሥሪያ ቤቱ ሊያመለክት ወደ አሰብ ነዳ። ሸዋንግዛው ከፔጆዋ አጠገብ ቀረ። ዓሊዪ ውሃ ሰጠው፤ ምንጣፍ አነጠፈለት። አደረ እንጂ አልተኛም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ላንድሮቨሩ መጣ፤ ይመርም ከኋላው። ሙሉ ወረደች። በጨርቅ የታሰረውን የአባቷን ግንባር ስታይ ፊቷ ልውጥ አለ፤ ግን አልሮጠችም። ክንዱን ይዛ ወደ ላንድሮቨሩ ጥላ ወሰደችው።

"አባዬ፣ አለቃዬን 'አባቴ ነው፣ ሌላ ሰው ላክ' ብዬው ነበር። ሌላ ሰው የለም። 'የሚልሽን ጽፈሽ ፈርሚ' ነው ያለኝ። የምትለኝን እጽፋለሁ። ከሥሩ የሚሰፍረው ፊርማ ግን የኔ ነው።"

ይህን ብላ መልስ ሳትጠብቅ ወደ ፔጆዋ ተመለሰች። የተዘረጋውን ቆዳ አየች፤ የግመሏን ጭንቅላት አየች፤ ይመርን አየች። ይመር ሰማይ ሰማይ ያያል። የመጻፊያ ሰሌዳዋን ክንዷ ላይ አጋድማ እስክሪብቶዋን ከፈተች።

"ጓድ ሸዋንግዛው።"

ሸዋንግዛው ክው አለ። በዕድሜው ስንት ካድሬ ጓድ ብሎታል፤ እንደዚህኛው ግን ጆሮው ላይ የጮኸ የለም። መጀመሪያ ሊቆጣ ነበር። ከዚያ ቀጥ ብላ መቆሟን አየ፤ ነፋሱ ወረቀቱን ሲያርገበግበው አውራ ጣቷ እንደ ሚስማር ይዞታል። ቁጣው የት እንደገባ ጠፋው።

"አቤት፣ ጓድ" አላት።

"ግጭቱ የደረሰው የት ነው? ቦታውን ይንገሩኝ።"

ይመር ጉሮሮውን ጠረገ። ዓሊዪ ክንዱን አጣምሮ ቆሟል። "እዚህ" ማለት ብቻ ነው የቀረው፤ አንዲት ቃል ናት፤ ፔጆዋ ትድናለች። ሸዋንግዛው የእስክሪብቶውን ጫፍ አየው። ወረቀቱ ላይ ደርሶ ቆሟል። ያቺ እጅ ፊደል ስትቆጥር በጠመኔ የቤቱን ግድግዳ ሁሉ ያጨማለቀች እጅ ናት። አሁን ከውሸቱ ሥር ስሟን ልታኖርለት ነው፤ እሱ ካላት ታደርገዋለች። የዚያን ጊዜ ነው ፔጆዋ በዓይኑ ፊት ትንሽ ሆና የታየችው።

"ማዶ ነው" አለ።

"የት ማዶ?"

"ከድንጋዮቹ ወዲያ፣ ጅቡቲ መሬት ላይ። ግመሏ የታረደችውም እዚያ ነው። ይሄን ጎትተን ያመጣነው እኛ ነን። ተጨማሪ ውልም አልገባሁም። ነግረሽኝ ነበር፤ አልሰማሁሽም።"

"ኧረ ሸዋ!" አለ ይመር፤ "ኧረ ሰውዬ፣ አጥፍተህ ጠፋህ!"

ሙሉ ዞራ እንኳ አላየችውም። ጻፈች። ወንዙን ተሻግራ የደረቀውን ደምና የመስታወቱን ስብርባሪ አይታ ተመለሰች። ከዚያ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ተናገረች፦

"ጓድ ሸዋንግዛው፣ አደጋው የደረሰው ውሉ ከሚሸፍነው አገር ውጭ ስለሆነ፣ ለመኪናዎም ሆነ ለሰውዬው ግመል መሥሪያ ቤቱ ካሳ አይከፍልም።" ይህን ብላ ፈረመች።

"ገባኝ" አለ ሸዋንግዛው።

ሰሌዳዋን ላንድሮቨሩ ውስጥ ወረወረችና ውሃ ይዛ መጣች። "በል አሁን ግንባርህን አሳየኝ፣ አባዬ" አለችና ጨርቁን ስትፈታ እንባዋ እጁ ላይ ጠብ አለ። ቁስሉን አጠበችለት። እሱ ግን እንደ ሙሽራ ፈገግ ብሎ ተቀምጧል።

"ምን ያስቅሃል?"

"'አይከፍልም' ስትይ እንዴት እንደሚያምርብሽ አታውቂም።"

ፔጆዋ እዚያው ቀረች፤ እሱ በይመር መኪና ወደ አሰብ ተመለሰ። ይመር መንገዱን ሙሉ ሲያጉረመርም ቆየ። "አሳደግናቸው፣ አስተማርናቸው፤ ይኸው ውለታችን! እኔ እንዲህ የምታደርግ ልጅ ብትኖረኝ ቤቴን አላስረግጣትም።"

"ስማ ይመር" አለ ሸዋንግዛው ቀና ብሎ። "ነገ ያንተ መኪና ቢቃጠል፣ 'ይከፈለው' ብላ ስትጽፍ ቃሏን የሚያምኑልህ ለምን ይመስልሃል? ዛሬ ለአባቷ ስላልዋሸች ነው። አንተ እንዲህ ያለች ልጅ የለህም። አዝንልሃለሁ።" ይመር ካምቢዮውን በንዴት ቀየረ።

ዓርብ ከሶላት በኋላ የአፋር ሽማግሌዎች ከአንድ ግራር ሥር ተቀመጡ። ከድንበሩ ወዲያም ወዲህም የመጡ ናቸው፤ ማንም ስለ ኖራው ድንጋይ አላነሳም። ሸዋንግዛው ሲሄድ ጥላነሽ "የፔጆዋን ነገር እርም በል" ብላ ነበር የሸኘችው። እሱም ብሏል። ይመር እያጉረመረመም ቢሆን አብሮት መጥቷል፤ ሙሉ ሥራ ላይ ናት።

ካሳው ተወሰነ። ፍርዱ ፍትሐዊ ነበር፤ ግን ቀስ እያሉ ካልሆነ በአንድ ጊዜ የሚከፈል አልነበረም። ስለዚህ ዋስ ተጠየቀ። አገር ቤት ቢሆን ዘመድ ይጠራ ነበር። እዚህ ግን ነገድ የሌለው ደገኛ ክርስቲያን ነው፤ ማን ይዋሰዋል?

"እኔ!" ብሎ ይመር ተነሳ። ዓሊዪ ሲተረጉመው ሽማግሌዎቹ በሣቅ ፈረሱ። አንዱም መለሱለት፦ "አንተማ የሞተች ግመል አገር የምታሻግር ሰው ነህ፤ ተቀመጥ።"

ይመር ተቀመጠ። ሸዋንግዛው ፔጆዋን አሻግሮ አያት። ከዚህ በኋላ የሌላ ሰው ናት። እንዲህ ሲያስብ ዓሊዪ በአፋርኛ መናገር ጀመረ፤ ንግግሩም ረዥም ነበር። ሸዋንግዛው ቋንቋውን አይሰማም፤ ግን ዓሊዪ ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ መዳፉ ላይ በጣቱ ሲጽፍ፣ አንዴ ወደ ማዶ አንዴ ወደ ወዲህ ሲያመለክት ያያል። "ጓድ ሸዋንግዛው" የሚለውን በአማርኛው አስመስሎ አለው። ግንባር ሲያጥብም አሳየ። ከዚያ ሣቁ የለም፤ ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ወደፊት አስግገው ያዳምጣሉ።

ከሁሉም የሚበልጡት፣ ከኦቦክ በኩል የመጡና ዓይናቸው የደከመ አዛውንት በትራቸውን መሬት ላይ ነካ አድርገው አንድ ነገር ጠየቁ።

"'ይህች ለአባቷ እንኳ ሐሰት ያልጻፈች ልጅ የማን ልጅ ናት?' ይላሉ" አለ ዓሊዪ።

በሸንጎው ወግ ተቀምጦ መመለስ ነበር። ሸዋንግዛው ግን ብድግ አለ።

"የኔ ናት!" አለ። ከግራሩ ሥር የተጠለሉ ፍየሎች ደንብረው ተበተኑ። "የኔ ልጅ ናት! ሙሉመቤት ሸዋንግዛው!"

ይህን ማንም አልተረጎመላቸውም። አዛውንቱ ድምፁ ወደመጣበት ዞረው በቀስታ ተናገሩ። ዓሊዪ ወደ ሸዋንግዛው ጠጋ ብሎ እጁን ትከሻው ላይ ጣለ።

"'መኪናውን ስጡት' ይላሉ። 'እንዲህ ያለች ልጅ ያሳደገ ሰው የሰው ግመል በልቶ አይጠፋም። ዋሱ ልጁ ናት።'"

ሸዋንግዛው ሰምቷል፤ አንዲት ቃል አላመለጠችውም። ቢሆንም የዓሊዪን እጅ አጥብቆ ያዘ።

"እስቲ እንደገና ንገረኝ" አለ፤ "ቀስ ብለህ።"